ወይ ቀለበት ወይ ቆብ

«ኸላስ» አለ ሐኪሙ፣ ማዳመጫውን ከአንገቱ እያወረደ።

ሠርካለም ቃሉን ወደ አማርኛ ልትመልስ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከአልጋው ማዶ የቆመው ዲያቆን ልሳነወርቅ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ካይሮ ከገባ ገና ሁለት ወሩ ቢሆን ነው፤ ያችን ቃል ግን ያውቃታል። ትራም ሞልቶ ሲሄድ፣ ዳቦ ሲያልቅ፣ ሱቅ ሲዘጋ ስትባል ሰምቷታል። ለሰው ስትባል ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ምን አለሽ?» አላት።

«ጸልዩላቸው አለ።»

እንደዋሸችው ገባው። እንደገባውም ገባት። ሁለቱም ዓይናቸውን ሰብረው ወደ በሽተኛው ተመለሱ።

አልጋው ላይ የተኙት ቄስ አምኃ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ሲነሡ ስድስት ነበሩ፤ ሁለት ካህናትና አራት ዲያቆናት። ከውቅያኖስ ማዶ ባለች አንዲት ደሴት የሚኖሩ፣ ቅድመ አያቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት ተሸጠው የተወሰዱ ጥቁር ሰዎች፣ «ቄስ ላኩልን፤ ልጆቻችንን አጥምቁልን፤ ሙታናችንን ፍቱልን» እያሉ ዘመን ሙሉ ደጅ ሲጠኑ ኖረው በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። መልእክተኞቹ በባቡር ጂቡቲ ወረዱ፤ በመርከብ ቀይ ባሕርን አቋርጠው ስዊዝ ገቡ፤ ከስዊዝ ካይሮ። ከዚህ እስክንድርያ ወርደው ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መርከብ ሊሳፈሩ ነበር ሐሳባቸው። ነገር ግን ቄስ አምኃን ጂቡቲ ላይ የጀመራቸው ትኩሳት ካይሮ ላይ አልጋ ላይ ጣላቸው። ሕመሙ ሲጠና የመርከቡም ቀን ቀረበ።

ሠርካለም ከእነሱ አንዷ አይደለችም። የኤምባሲው ጸሐፊ የአቶ ፀጋዬ ባለቤት፣ የወይዘሮ ጸሐይ ታናሽ እህት ናት። ዛማሌክ እህቷ ቤት ስትኖር አረብኛውን ከጎረቤትም ከገበያም ለቃቅማ ታቀላጥፈዋለች። መልእክተኞቹ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉምላቸው ሲያጡ አቶ ፀጋዬ እሷን ላኳት። ትውውቃቸው እንዲህ ነው። በየማለዳው ልሳነወርቅ ሹብራ ካለው ማረፊያቸው በትራም ይመጣል፤ እሷ ከዛማሌክ ትመጣለች፤ የሐኪም ቤቱ በር ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ ነበር። ቆይቶ የዕቃ ስም በአረብኛ ይጠይቃት ጀመር። ከዚያ የሚያውቀውንም ይጠይቃት ጀመር።

«ይህን ትናንት ነግሬህ የለም እንዴ?» ስትለው፣

«ካንቺ አፍ ሲወጣ ሌላ ቃል ይመስለኛል» ብሎ ያቀረቅራል።

ቄስ አምኃ ከቀትር በፊት ዓይናቸውን ገለጡና ልሳነወርቅን በጣታቸው ጠሩት።

«እነዚያ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁን» አሉት፤ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልፎ መውጣት አቅቶታል። «በእኔ ምክንያት እንዳትመለሱ። ቃልህን ስጠኝ።»

«አንመለስም፣ አባቴ። ቃሌ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ሠርካለም አዞሩና፣ «ብርቄ፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ» አሏት።

ብርቄ አገር ቤት የቀሩት ሚስታቸው ናቸው። ሠርካለም፣ «እሺ፣ ጌታዬ» አለችና ራሳቸውን ደግፋ አጠጣቻቸው። ግማሹ ውሃ በጢማቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

ልሳነወርቅ ዓይናቸውን ከደነና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይርገበገባል። ሠርካለም ጀርባው ላይ ልታሳርፍ እጇን ዘረጋች፤ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ይህን ሰው መውደዷን ያወቀችው በዚያች ሰዓት ነው። ያወቀችውም እንደ ብሥራት ሳይሆን እንደ መርዶ ነበር።

*

ቄስ አምኃ አሮጌው ካይሮ፣ የቅብጦች መካነ መቃብር ውስጥ አረፉ። ከቀብር መልስ የልዑካኑ መሪ አባ ገብረጻድቅ ልሳነወርቅን ለብቻው ጠሩት። ነገሩን አላድበሰበሱም። ቅዳሴ ያለ ሁለት ካህናትና ያለ ሦስት ዲያቆናት አይቆምም፤ አሁን የቀሩት ካህን እሳቸው ብቻ ናቸው። ከአገር ቤት ሌላ ካህን ማስመጣት ወራት ይፈጃል፤ መርከብ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ካይሮ ያሉት የአገራችን መነኮሳት ዕድሜ የተጫናቸው ናቸው። ሦስቱ ዲያቆናት ለጋ ልጆች ናቸው። ስለዚህ መቀሰስ ያለበት ልሳነወርቅ ነው፤ እዚያው ካይሮ ያሉት ጳጳስም ፈቅደዋል። ዲያቆን ግን እንዲያው አይቀስስም። ወይ በቁርባን ያገባል፣ ወይ ይመነኩሳል።

«ወይ ቀለበት ወይ ቆብ ነው፣ ልጄ» አሉት። «እሑድ ሳይደርስ ቁርጡን ንገረኝ።»

በማግስቱ የሟቹን ልብስ ከሐኪም ቤት ሊያመጣ ሲሄድ ሠርካለምም መጥታ ነበር። ሲመለሱ ትራሙን ትተው በናይል ዳር በእግራቸው ሄዱ። ልሳነወርቅ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ፊት ፊት ይሄዳል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«ሠርካለም፣ እኔ የመጽሐፍ ነገር እንጂ የራሴን ነገር መናገር አላውቅበትም» አላት። «አባቴ ሸማኔ ነው። ጋይንት ውስጥ አንዲት ጎጆ አለችን፤ ሌላ የለንም። አንቺ የትልቅ ቤት ልጅ ነሽ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ዝም ብዬሽ ብሄድ ግን ዕድሜ ልኬን ራሴን አልምረውም። አግቢኝ። በቁርባን እንጋባና አብረን እንሻገር።»

ልቧ መጀመሪያ እንደ ጥጃ ዘለለ። ወዲያው ግን «በቁርባን» የምትለዋ ቃል ደረሰችና ረገጠችው።

ዲያቆን የሚያገባት ልጃገረድ መሆን አለባት። ቀድማ ባል ያወቀች ሴት ያገባ ዲያቆን ቅስና ሕልሙ ነው። ይህን የትኛዋም የገጠር ልጅ ታውቃለች። ሠርካለም ደግሞ የጁ ውስጥ በአሥራ አራት ዓመቷ ለአንድ ባለ ርስት ተድራ ነበር። ካይሮ ውስጥ ከእህቷ በቀር ይህን የሚያውቅ ነፍስ የለም።

«ዝም አልሽኝ» አላት ልሳነወርቅ።

እሱ ዝምታዋን በራሱ ቋንቋ ተረጎመው። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲጠቁር ታየዋለች።

«ገባኝ» አለ። «የሸማኔ ልጅ ዛማሌክ ምን ቤት አለው።»

«እንደሱ አይደለም! በእመቤቴ እንደሱ አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ዓይኗን ወደ ወንዙ መለሰች። እሱ ጥቅሉን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ነገ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። «እምቢም የምትዪኝ ከሆነ በወጉ እምቢ በይኝ። እንዲህ መንገድ ላይ በዝምታ አትሽኚኝ።»

ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። እስኪርቅ ድረስ አየችው። ሊጠላት ነው፤ የሚጠላትም ባልሠራችው ኃጢአት ነው። እውነቱን ብትነግረውስ? ያኔ ደግሞ ባልመረጠችው። ሁለቱን ስታማርጥ የድልድዩን ብረት ይዛ ቆመች።

*

ወይዘሮ ጸሐይ ነገሩን ስትሰማ በሩን ዘጋች።

«እና ምን ያስለቅስሻል? ትወጂው የለም እንዴ?»

«እትዬ፣ ረሳሽው? እኔ እኮ...»

«ምንም አልረሳሁ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያ ሠርግ ሠርግ አልነበረም። ልጅ ነበርሽ። ሽማግሌው ሲደበድብሽ፣ የወለድሽው ሞቶ ሲወጣ፣ በእግርሽ ጠፍተሽ ደሴ ስትመጪ ማነው የተቀበለሽ? እኔ ነኝ። እዚህ ሳመጣሽ ለገዛ ባሌ እንኳ ልጃገረድ ናት ነው ያልኩት። ለምን መሰለሽ? እንደገና እንድትወለጂ።»

«ቆራቢ ሚስት እኮ ነው የሚፈልገው።»

«ማን ይመሰክርብሻል? ባሕር ነው የምትሻገሪው። ባሕር ማዶ የጁ የለም።»

ሠርካለም ያን ቀን ሙሉ ውሸቱን እንደ አዲስ ቀሚስ ስትለካው ዋለች። ሲጠሯት «እሺ» ትላለች፣ አክሊል ይደፋላታል፣ መርከብ ላይ ከጎኑ ትቆማለች። ማንም አይጎዳም። ደግሞስ እሷ ምን አጠፋች? አንድ ነገር ብቻ አልለቀቃትም። ልሳነወርቅ ጽዋውን ባነሣ ቁጥር የእሷን ውሸት አብሮ ያነሣል። እሱ ሳያውቅ፣ እሷ እያየች፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው።

ሽማግሎቹ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ አባ ገብረጻድቅና የአየር መንገዱ ሠራተኛ አቶ ሳህሉ። አቶ ፀጋዬ ጠያቂው የሸማኔ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። እሳቸው ግን ነገሩን ሰምተው አገጫቸውን ዳሰሱና፣ «ከቤቴ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሰው ከወጣ ክብር ነው። ልጅቷ ትጠየቅ» አሉ።

ሠርካለም ገብታ ቆመች። እህቷ ከኋላዋ ክንዷን ቆንጠጥ አደረገቻት።

«ልጄ» አሉ አባ፣ «ልሳነወርቅን ለትዳር ትፈቅጂዋለሽ?»

«እፈቅደዋለሁ፣ አባ» አለች። የአቶ ሳህሉ ፊት በራ። «ግን ለካህን ሚስትነት አልሆንም። አግብቼ የፈታሁ ነኝ። ልጅም ቀብሬአለሁ።»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። አቶ ፀጋዬ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

ጸሐይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አባ ገብረጻድቅ ተነሥተው መስቀላቸውን አወጡና የሠርካለም ግንባር ላይ አሳረፉት።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት፤ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው።

ያን ጊዜ ነው ያልተቀበረ ሬሳ ተሸክማ መኖሯን ያወቀችው።

*

ልሳነወርቅ ታች፣ ከሕንጻው ዘበኛ ከዓም ኢድሪስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሠርካለም ብቻዋን ደረጃውን ስትወርድ ሲያይ ብድግ አለ። ሽማግሎቹን ቀድማ የመጣችው የምሥራቹን ራሷ ልትነግረው መሰለው። ፊቱ በፈገግታ ተሞላ። ሠርካለም ያን ፈገግታ ስታይ ደረጃው መሐል ቆመች፤ ትንሽ ትየው፣ ትንሽ ይቆይላት።

ከዚያ ወርዳ ነገረችው። አንዱንም አልደበቀችም።

ሰምቶ ሲጨርስ የዘበኛው ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያያል።

«በድልድዩ ላይ ዝም ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ ንቃኝ ነው ብዬ...» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አሥራ አራት ዓመት! ውሻ ናቸው እንዴ!»

ሠርካለም እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ዓም ኢድሪስ ቋንቋቸውን ባይሰማም ሐዘናቸውን ሰምቶ፣ «ማሌሽ፣ ያ ቢንቲ፣ ማሌሽ» እያለ፣ አይዞሽ ልጄ ማለቱ ነው፣ ወደ በሩ ዘወር አለላቸው።

ልሳነወርቅ ድንገት ቀና አለ። «እተወዋለሁ» አላት። «ዲቁናውን እተወዋለሁ። ቅስናውም ይቅርብኝ። ሸማ መሥራት አውቃለሁ፤ አባቴ አስተምሮኛል። እንደ ማንኛውም ሰው ሠርቼ አበላሻለሁ።»

«የምርህን ነው?»

«ተመልከቺኝና ፍረጂ።»

አየችው። እውነቱን ነበር። ሠርካለም በዚያ በካይሮ አቧራ መሐል፣ ከላይ የቤቱ ጩኸት እየተሰማ፣ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። እንዲህ ያለ ደስታ የሰው ዕቃ እንደ መዋስ ያስፈራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

*

አቶ ፀጋዬ ከሚስታቸው ጋር ቃል አልተነጋገሩም። ለሠርካለም፣ «በሚመጣው አውሮፕላን አገርሽ ትገቢያለሽ» ብቻ አሏት። እሷ ግን ንግግሩ ከውጭ እንዳለ ዝናብ ነበር የሚሰማት። ልብሷን ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ጋይንት ምን ዓይነት አገር ይሆን እያለች ስታስብ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ልሳነወርቅ መጣ።

ዓይኑን ስታይ ነገሩ ገባት። ቢሆንም እንዲናገር ጠበቀችው።

«ለአባ ነገርኳቸው» አለ። «ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ቢረግሙኝ በቀለለኝ። አንድም ነገር አላሉኝም። ተነሥተው ንዋየ ቅድሳቱን፣ ጽዋውን፣ ጻሕሉን፣ ልብሰ ተክህኖውን እያጣጠፉ ወደ ሣጥኑ መለሱት። ለልጆቹ፣ ተሰናዱ፣ አገራችን እንገባለን አሏቸው። ትንሹ ዲያቆን፣ እነዚያ ሰዎችስ? ብሎ ጠየቀ።» ትንፋሹ ተቆራረጠ። «ሣጥኑን በገመድ ላግዛቸው ያዝኩ። እጄ እንቢ አለኝ፣ ሠርኬ። ቋጠሮውን ማጥበቅ አቃተኝ። ያ ሟች፣ ያ ቃል...»

ሠርኬ ብሎ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነበር። አነጋገሩ ግን የመጨረሻ ሰላምታ ይመስላል።

«አትጨርሰው» አለችው።

«እኔ እኮ አንቺን...»

«አውቃለሁ። አትጨርሰው ነው የምልህ። ሂድ።»

«አንቺስ? ምን ትሆኛለሽ?»

«እኔን አትጠይቀኝ፣ ልሳነወርቅ። ከጠየቅኸኝ አትሂድ እልሃለሁ። አትሂድ ካልኩህ ደግሞ አትሄድም። ከዚያ በየቅዳሴው ደወል በተደወለ ቁጥር ፊትህን ማየት ሊኖርብኝ ነው። አልችልም።»

እጇን ዘርግታ፣ ሐኪም ቤት ያልደፈረችውን፣ ጉንጩን ዳሰሰችው። ፂሙ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ለትንሽ ጊዜ ጉንጩን መዳፏ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ወጣ። መዳፏ እስከ ማታ ድረስ ሞቆ የዋለ ይመስላት ነበር።

*

ቅዳሜ መነኮሰ። ሥርዓቱ እንደሚያዝዘው መሬት ላይ አጋድመው ነጭ ጨርቅ አለበሱትና በሕይወት እያለ ጸሎተ ፍትሐት ደገሙበት፤ ለዓለም ሞቷልና። ከሴቶች ወገን የቆሙት የኤምባሲ ሠራተኞች ሚስቶች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሠርካለም አላለቀሰችም። ጨርቁ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ታያለች። ሲነሣ ስሙ አባ ገብረ ሕይወት ሆነ። ልሳነወርቅ የሚባል ሰው ከዚያ ወዲያ አልነበረም። እሑድ ጧት ጳጳሱ ቅስና ሰጡት፤ የእስክንድርያው ባቡር የሚነሣው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር።

ባብ አል-ሐዲድ ጣቢያ የአገራችን ሰው ሁሉ ወጥቷል። ጸሐይ የእህቷን እጅ ይዛለች። ልዑካኑ ከባቡሩ በር አጠገብ ተደርድረው ቆሙ፤ ሰው በተራ መስቀል እየተሳለመ ይሰናበታል።

«ካልቻልሽ ይቅር፣ ሠርኬ» አለቻት ጸሐይ በጆሮዋ። «ማንም አይታዘብሽም።»

«እችላለሁ።»

ተራዋ ደረሰ። ከፊቷ የቆመው ጥቁር ቆብ የደፋ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ያላየ ሰው ነው። ከሦስት ቀን በፊት «አንተ» ትለው ነበር። ጉንጩን ዳስሳዋለች። አሁን ጎንበስ አለች።

«አባ፣ ይባርኩኝ» አለችው።

እንዲያ ብላ ስትጠራው አንድ ነገር ፊቱ ላይ ተሰበረ። መስቀሉን ወደ ግንባሯ አመጣ።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ...» አለ።

ከዚያ በኋላ የምትከተለውን ቃል ሁሉም ያውቃታል። መነኩሴ ሴትን የሚጠራባት ቃል አንዲት ናት። እሱ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ከኋላዋ ሰዎች ይጠብቃሉ። አባ ገብረጻድቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመሩ። የባቡሩ ፊሽካ ጮኸ። ሠርካለም ቀና ብላ ዓይኑን አየችው፤ በዓይኗ ለመነችው። በላት፤ በልና ገላግለን።

«ልጄ» አሏት አባ ገብረ ሕይወት።

ግንባሯን፣ ከዚያ ከንፈሯን መስቀሉ ላይ አሳረፈች። እንጨቱ በእጃቸው ላብ ርሶ ነበር። ከኋላዋ ያለችው ሴት ተራዋ ደርሶ ትከሻዋን በቀስታ ገፋ አደረገቻት፤ ሠርካለምም ቦታውን ለቀቀችላት።